ፖዝ የሌለው አውሮፕላን

«ሆዮ፣ አሁን አትጥሪኝ! ጎማ አውጥቻለሁ፣ ላርፍ ነው!»

እናቷ ኻዲጃ ግቢው ውስጥ ሆና ሁለቱን ባዶ ጀሪካኖች አጋጨቻቸው። «አንቺ እስክታርፊ ቦቴው ይሄዳል። መጀመሪያ ውሃውን ቅጂ፣ ከዚያ እንደፈለግሽ እረፊ።»

ፊልሳን ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም። ነፋሱ ከግራ ይገፋታል፣ ዝናቡ መስታወቱን ይደበድባል፣ የናይሮቢ ማኮብኮቢያ ከደመናው ስር ብቅ ብሏል። ትንሽ ቀራት። በጣም ትንሽ። ከዚያ ጧ! መብራት ሄደ። ናይሮቢም፣ ዝናቡም፣ መንገደኞቹም አንድ ላይ ጠፉ።

«እሰይ» አለች ኻዲጃ። «በይ ጀሪካኑን ያዢ።»

ሀርጌሳ፣ 31 ሜይ ሰፈር በሚገኘው በዚያ ቤት፣ በመብራት የተነሳ ስንት አውሮፕላን እንደወደቀ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩን አጎቷ ፈርሐን ከአሮጌ ዕቃ ገጣጥሞ ነው የሠራላት። ሲሞቅ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ከበረራ ሲሙሌተሩ ጋር በተያያዘው መሪ ላይ፣ በግራ አውራ ጣቷ በኩል፣ ሁሉን ነገር ባለበት የሚያቆም የፖዝ ቁልፍ አለ። እናቷ ስትጠራት ፖዝ። ስትርባት ፖዝ። አውሮፕላኑ ሊወድቅ ሲል ፖዝ፣ ትንሽ ማሰብ፣ መቀጠል። ፊልሳን በዚህ ዓይነት ግማሹን ዓለም ዞራለች። በእግሯ ግን፣ ከድሬዳዋ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ከመጣች ወዲህ፣ ከሀርጌሳ ርቃ አታውቅም።

ትምህርት ቤት የክፍሏ ልጆች ይህን አውቀውባታል። «የሳሎን ካፒቴን» ነው የሚሏት። እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው በክፍሉ መካከል ይሮጣሉ፣ ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ ይወድቁባታል። መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ከዚያ ትናደድ ነበር። ዘንድሮ ሁለቱም ሰልችተዋታል።

ደግሞ የሚገርመው፣ እውነተኛዋ ፓይለት እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ነው የምትኖረው። የጫፉን ክፍል የተከራየችው ሮዳ፣ የውሃ ጉድጓድና የግጦሽ መሬት ከሰማይ ፎቶ ለሚያነሳ ድርጅት ትንሽ አውሮፕላን ታበራለች። እሷም የድሬዳዋ ልጅ ስለሆነች ከኻዲጃ ጋር አማርኛቸውን ሲያስነኩት የጎረቤት ሰው ተጣሉ ይላል። ፊልሳን እንደ አክስት ቆጥራ «ኤዶ ሮዳ» ትላታለች።

እውነቱን ለመናገር ግን ፊልሳን በሮዳ ትንሽ አዝናባታለች። ማታ ማታ በሩ ላይ ጠብቃ «ኤዶ፣ ዛሬ እንዴት ነበር?» ስትላት፣ ሮዳ ስለ ደመና ተናግራ አታውቅም።

«ሞቃት።»

«ሌላስ?»

«ወገቤን አሞኛል።»

ከዚያ ገብታ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ትወድቃለች። ይቺ ናት እንግዲህ ፓይለት።

ናይሮቢ በጠፋችበት በዚያው ሳምንት ሮዳ ራሷ የነፊልሳንን በር አንኳኳች። ድርጅቱ በዓመት አንድ ጊዜ ሠራተኛው ሁለት የቤተሰብ ሰው ይዞ እንዲበር ይፈቅዳል፣ እሷ ደግሞ እዚህ ከተማ ከኻዲጃ ቤት ሌላ ቤተሰብ የላትም።

«አንቺና ያቺ ወሬኛ ጓደኛሽ» አለቻት። «ሰማይ ላይ ከፍ ካልን በኋላ ለጥቂት ደቂቃ መሪውን ትይዣለሽ። አስተማሪ ስለሆንኩ እሱ ይፈቀድልኛል። መነሳትና ማረፍ ግን የኔ ነው። ገባሽ?»

«ገባኝ! ኤዶ፣ እኔ እኮ በነፋስም አርፌ አውቃለሁ!»

«አቦ፣ እኔ ደግሞ በነፋስ ማረፍ አልወድም» አለች ሮዳ፣ እያዛጋች።

ዓርብ ጠዋት፣ ትምህርት በሌለበት ቀን፣ ወሬኛዋ ሳቢሪን ከአሕመድ ዳጋህ ሰፈር በባጃጅ መጣች። ያደገችው ጅጅጋ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ማንም እንዳይሰማቸው ሲፈልጉ ሁለቱ በአማርኛ ነው የሚያወሩት። ቪዲዮ ልትቀርጽ ስልኳን እስከ አፉ ቻርጅ አድርጋ ነበር የመጣችው።

ማረፊያው ላይ የጠበቀቻቸው አውሮፕላን ከሩቅ ታምራለች። ከቅርብ ቀለሟ የተላጠ፣ በሯም ስስ ቆርቆሮ ነው። ውስጧ ቤንዚንና የስንት ሰው ላብ ይሸታል።

«ይሄ ነገር ከባጃጅ በምን ይለያል?» አለች ሳቢሪን ከኋላ ወንበር።

«ባጃጅ ጥሩምባ አለው» አለች ሮዳ።

አስተማሪ የሚቀመጠው በቀኝ ስለሆነ የግራው ወንበር ለፊልሳን ደረሳት። ሮዳ ከመነሳት በፊት የሚፈተሹትን ነገሮች በተራ እንድታነብ ወረቀቱን ሰጠቻት። ፊልሳን ወረቀቱን አላየችውም። ከነዳጁ እስከ ክንፉ፣ ከሬድዮው እስከ በሩ መቆለፊያ፣ በቃሏ አወረደችው።

ሮዳ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየቻት። «ስንት ወር ያስተማርኳቸው ሰዎች እንዲህ አይሉትም።»

ፊልሳን ከመሬት ሳትነሳ በረረች።

ግን ነዳጅ የሚቀዳው ሰውዬ ዘግይቶባቸው ስለነበር፣ ሲነሱ ፀሐይዋ መሬቱን ማጋል ጀምራ ነበር። ሞተሩ ሲጮህ ጥርሷ ድረስ ተሰማት። ቤት ውስጥ ድምፁን ትቀንሰዋለች፤ ይሄኛው አይቀነስም። ከተማው ከስራቸው ወረደ፣ የቆርቆሮ ጣሪያው ብልጭ ብልጭ አለ፣ ከዚያ ሮዳ እጇን ከመሪው አነሳች።

«ያዥ።»

ፊልሳን ያዘች። ዓይኗን ከፍታ መለኪያው ላይ ተከለች። መርፌው ትንሽ ወረደ፣ ሳበች። በጣም ወጣ፣ ገፋች። በጣም ወረደ፣ ሳበች። ሳቢሪን ከኋላ «ያ ረቢ፣ ሆዴ!» አለች።

«ምን እያየሽ ነው?» አለች ሮዳ።

«ከፍታውን።»

«ውጭስ?»

«ውጭ ምን አለ?»

«ሰማይ አለ፣ አቦ!» ሮዳ ላቧን የምትጠርግበትን ፎጣ ከትከሻዋ አንስታ መለኪያዎቹን በሙሉ ሸፈነቻቸው።

«ኤዶ! ምንም አይታየኝም!»

«ቀና በይ። ናሳ ሃብሎድን አየሽ? ሁለቱን ኮረብታዎች? አፍንጫውን በነሱ ልክ አድርጊና ዝም በይ። አትጭመቂው። መሪ ነው፣ ሎሚ አይደለም።»

ፊልሳን ቀና አለች። መንትዮቹን ኮረብታዎች በየቀኑ ከትምህርት ቤት መስኮት ታያቸዋለች፣ እንዲህ ሆነው ግን አይታቸው አታውቅም። ጣቶቿን ላላ አደረገች። አውሮፕላኗም ጸጥ አለች። የሆነ ነገር፣ ከመቀመጫዋ ተነስቶ በጀርባዋ በኩል እስከ አንገቷ መጣ። አውሮፕላኗ ወዴት ልትሄድ እንደፈለገች ከመሄዷ በፊት የሚናገር ነገር። ይሄን የትኛውም ስክሪን ላይ አላየችውም።

ደስታዋ ብዙ አልቆየም። ከጋለው መሬት የተነሳ አየር ከስር ደለቃቸው። ፊልሳን ከወንበሯ ተነስታ ቀበቶዋ ላይ ተንጠለጠለች፣ የግራ አውራ ጣቷም ሳታዘው የለመደውን አደረገ። ፖዝ ፈለገ። እዚያው ቦታ ላይ አንድ ቁልፍ አገኘ። ጫነው፣ ደጋግሞ ጫነው፣ ምንም አልቆመም።

«ወይኔ እናቴ! ቁሚ በቃ! ቁሚ!»

በጆሮ ማዳመጫው አንድ ወንድ በእንግሊዝኛ «ይድገሙልኝ?» አለ። ቁልፉ የሬድዮ ነበር። የበረራ መቆጣጠሪያ ማማው ሰውዬ የፊልሳንን ወይኔ በሙሉ ሰምቷል።

ሮዳ ስቃ ልትሞት ነበር። ማማውን ይቅርታ ጠይቃ መሪውን ተቀበለችና አውሮፕላኗን ወደ ማረፊያው አዞረች። ፊልሳን ግን አልሳቀችም። ምራቋ በዝቷል፣ ላቧ ቀዝቅዟል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለመችው ማኮብኮቢያ ፊት ለፊት ተዘርግቶ እየመጣ ነው፤ እሷ ግን አፍንጫዋን ፌስታል ውስጥ ቀብራ «ሆዮ፣ ልሞት ነው» ትላለች። ጎማው መሬት ሲነካ የሰማችው ድምፁን ብቻ ነው።

ወርደው ጥላ ውስጥ ተቀመጡ። ሮዳ ውሃ ሰጠቻት።

«ኤዶ፣ ታዲያ ሲሙሌተሩ ከንቱ ነው?»

«ማን አለሽ? እኔ ያን ሁሉ ቅደም ተከተል ለማጥናት ስንት እንባ አፍስሻለሁ፣ አንቺ ሳሎን ቁጭ ብለሽ ጨርሰሽዋል። ጭንቅላትሽ ብዙ ያውቃል። ሰውነትሽ ነው ገና አንደኛ ክፍል ያልገባው።» ጎንበስ ብላ ወገቧን ያዘች። «ደግሞ ሰውነት ይደክማል፣ አየሽ። እሱን ማንም አይነግርሽም።»

ፊልሳን ቤቷ ገብታ እንደ ድንጋይ ተኛች። ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት ካለፈ ወዲያ የነቃችው ስልኳ መሬቱን ሲያንቀጠቅጥ ነው። የክፍሉ ግሩፕ በመልእክት ተቃጥሏል። ሳቢሪን ቪዲዮ ለቃለች፦ ፊልሳን በግራ ወንበር፣ መሪውን ይዛ፣ ሰማይ። ከዚያ ቆረጥ። ማኮብኮቢያው፣ ጎማው፣ የሳቢሪን ጩኸት በሶማሊኛ፦ «ካፒቴን ፊልሳን አሳረፈችን!»

«የሳሎን ካፒቴን» ይሏት የነበሩት ሁሉ ልብ ልከዋል። የክፍሉ ኃላፊ መምህር ሙሰዓብ ሳይቀሩ ጽፈዋል፤ ነገ ቅዳሜ ትምህርት ሲከፈት በሰልፍ ላይ ትናገራለች፣ አዲስ የሚቋቋመው የአቪዬሽን ክበብ መሪም እሷ ናት።

ፊልሳን መልእክቱን ደጋግማ አነበበችው። ጣፋጭ ነበር፣ ለምን ይዋሻል? ከዚያ ውሃ ልትጠጣ ወደ ግቢ ወጣች።

ሮዳ ከበሯ ፊት ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ስልኳ ጭኗ ላይ። ኻዲጃ አጠገቧ ቆማ ምንም አትልም። ኻዲጃ ዝም አለች ማለት ደግሞ ነገር አለ ማለት ነው።

«ምን ሆናችሁ?»

«ምንም» አለች ሮዳ።

«ንገሪያት እንጂ» አለች ኻዲጃ።

ሮዳ ዓይኗን አሸች። «አለቃዬ ነው። ቪዲዮው ደርሶታል። ማማው ላይም የልጅ ድምፅ በሬድዮ ሰምተዋል። ሁለቱን ሲደምሩት፣ የድርጅቱን አውሮፕላን ለልጅ ሰጥቼ እንድታሳርፍ አድርጌያለሁ ማለት ነው። ጠዋት ቢሮ ነይ፣ እስከዚያ አትበሪም ብሎኛል።»

«እና እንደዛ አይደለም አላልሽውም?»

«ብዬዋለሁ። ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው አለኝ።» ተነሳች፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን ተደግፋ። አልጮኸችባትም። ጮኻባት ቢሆን ይቀል ነበር። «ግቢና ተኚ፣ ደክሞሻል» ብላ በሯን ዘጋች።

ፊልሳን ለሳቢሪን ደወለች።

«ካፒቴኔ!» አለች ሳቢሪን።

«ምን ነክቶሽ ነው? ሮዳ ልትባረር ነው!» ሁሉንም ነገረቻት።

የሳቢሪን ድምፅ አነሰ። «ወላሂ እሱን አላሰብኩም። ሲስቁብሽ ማየት ስለሰለቸኝ ነው። አንቺ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተሽ ‹ተዪያቸው› ትያለሽ፣ እኔ ግን ያንገበግበኛል። አንድ ቀን እንኳን ዝም ይበሉ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ላጥፋው?»

«ካጠፋሽው ደበቁ ይላሉ። ሙሉው አለሽ? ያልተቆረጠው?»

«አለኝ። ግን አንቺዬ… እሱ ለሰው የሚታይ አይደለም። ከመዞራችን ጀምሮ እስክንቆም ድረስ እያስመለስሽ ነው። ድምፁ ራሱ አለ። ‹ልሞት ነው› ያልሽው አለ።»

«የሮዳ እጅስ? መሪው ላይ ይታያል?»

«ቁልጭ ብሎ።»

ፊልሳን ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ነገን አሰበችው። ሰልፉን። እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው፣ አሁን ደግሞ ፌስታል አፋቸው ላይ አድርገው የሚሮጡትን ልጆች። ይሄ ቀልድ እስከ ምርቃታቸው ድረስ ይቆያል። መምህር ሙሰዓብም ክበቡን ለሌላ ሰው ይሰጡት ይሆናል። ገና ሳይጀመር ደከማት።

«ለኔ ላኪልኝ፣ ለሮዳ አለቃ የሚሄድ» አለች። «ግሩፑም ላይ ልቀቂው። ለመምህር ሙሰዓብም።»

«እሺ፣ የምታስመልሺበትን ብቻ ልቁረጠውና…»

«ሳቢሪን።»

«በቃ ድምፁን ብቻ ላጥፋው?»

«አትቁረጪው። ድምፁንም አትንኪው» አለች ፊልሳን፤ ተነስታም ስልኩን እንደያዘች የሮዳን በር ልታንኳኳ ሄደች።