በእጥፍ ፍጥነት

«ጉንጩን እንዳትነካው» አለች ሌንስ፣ ስልኳን ከዓይኗ ሳታወርድ። «ቡጢህ በጆሮው አጠገብ ይለፍ። እኔ በጎን ስለምቀርጽ ያገኘው ይመስላል።»

መብረቅ ቡጢውን በዝግታ ላከ። ሽቦ ቡጢው ሲደርስ አንገቱን ዘወር አድርጎ በተከመሩት አሮጌ ጎማዎች ላይ ተዘረረ። እዚያው ተንጋሎ ምላሱን አወጣ።

«ሬሳ ምላሱን አያወጣም» አለ መብረቅ።

«የራፑን ግጥም የጻፍኩት እኔ፣ የምሞተውም እኔ» አለ ሽቦ እንደተንጋለለ። «አንተ ያዋጣኸው አፍ ብቻ ነው። እንደፈለግሁ ልሙት፣ ተወኝ።»

ስፒከሩን የያዙት ሁለት የክፍል ልጆች በሳቅ ፈረሱ። ሌንስም ሳቀች። መብረቅ ግን አልሳቀም። ግጥሙ የሱ አለመሆኑን ክፍሉ ሁሉ ያውቃል፤ ፊት ለፊት የነገረው ግን አልነበረም። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሽቦም ምን እንዳመለጠው አላወቀም።

ቦታው ሌንስ የምትኖርበት፣ የአባቷ የጎሚስታ ቤት ጓሮ ነው። ዙሪያውን ጎማ፣ መሬቱ ዘይት የጠጣ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ሞተሩ የወጣለት አሮጌ መኪና። ለድብድብ ቪዲዮ ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል? ራፑ እንደሆነ ከዳር እስከ ዳር ድብድብ ነው። «ሰፈሬን የነካ ጥርሱን ይሰብስብ፣ ቡጢዬ አይጠይቅም፣ ቡጢዬ አያስብ» ይላል አዝማቹ። በትምህርት ቤቱ መዝጊያ ቀን አዳራሽ ውስጥ በትልቁ ስክሪን ይታያል ተብሏል። ሌንስ ማን የት እንደሚቆም፣ ማን መቼ እንደሚወድቅ በካርቶን ላይ ስትስል ነው የሰነበተችው። ዋናውን ዘዴዋን ግን ለመጨረሻ አቆይታው ነበር።

«አሁን ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት እንከፍተዋለን» አለች። «አንተም በዚያው ፍጥነት ትዘፍናለህ፣ ትመታለህ። በኋላ ምስሉን በግማሽ ሳዘገየው አፍህ ከግጥሙ ጋር ይገጥማል፤ ሌላው ሁሉ ግን ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። አቧራው ሳይቀር ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው።»

«አራዳ ነሽ እኮ» አለ ሽቦ።

ዘፈኑ ተከፈተ። የመብረቅ ድምፅ ስፒከሩ ውስጥ እንደ ጫጩት ተንጫጫ። ልጆቹ ሲስቁ መብረቅ ጥርሱን ነክሶ ግጥሙን ለመድረስ እጁን አፋጠነ።

አንድ ነገር ግን ማንም አላሰበም። ቡጢውን የተለማመዱት በዝግታ ነው። በእጥፍ ፍጥነት የመጣ ቡጢ አንገት እስኪዞርለት አይጠብቅም። የሽቦ አፍ ላይ አረፈ፤ ድምፁ እርጥብ ጨርቅ ግድግዳ ላይ ሲወረወር እንደሚሰማው ነበር። ሽቦ ጎማዎቹ ላይ ወደቀ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ በአገጩ ወረደ። ሌንስ ደሙን በስክሪኗ አየችው፤ አይታውም ልቧ በደስታ ዘለለ። እንዲህ ያለ ምስል ቀርጻ አታውቅም።

«ቆንጆ ነበር! ድገሙት፣ እንደዚያው!» አለች መቅረጿን ሳታቋርጥ።

ሽቦ ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ተነሳ። «ቀስ በል እንጂ፣ ሰውዬ» አለው መብረቅን።

መብረቅ ቡጢውን አየው። ከዚያ ሽቦን አየው። ዘፈኑ እንደገና ሲጀመር እጁ ግጥሙን ረስቶ ነበር። ጉንጩን መታው፣ ሆዱን መታው፣ ጎንበስ ሲል በጉልበቱ ተቀበለው። ሽቦ መዳፉን ዘርግቶ አንድ ነገር ተናገረ። መብረቅ ኮሌታውን አንቆ ፊቱን በመኪናው ኮፈን ላይ አጋጨው፤ ቆርቆሮው ጮኸ። ደግሞ አጋጨው። ሁለቱ ልጆች ስፒከሩን ጥለው ወገቡን እስኪይዙት ድረስ ሌንስ ስልኳን አላወረደችም።

ሽቦ መሬት ላይ ተፋ። ከደሙ ጋር የጥርስ ስባሪ ወጣ።

«አልሰማሁትም» አለ መብረቅ እያለከለከ። «ዘፈኑ ይጮህ ነበር። ትወና መስሎኝ ነው።» ሁሉንም በየተራ ቃኘ። «ከጎማው ክምር ላይ ወደቀ ነው የምንለው። አይደል፣ ሽቦ?»

ሽቦ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ምን ይበል? ያ ቡጢ እንደተጨበጠ ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ ሌንስ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ምስሉን አዘገየችው። አቧራው እንዳለችው ቀስ ብሎ ወረደ። ቡጢው ጉንጭ ውስጥ ሲሰምጥ፣ ጉንጩ ሲጨማደድ፣ ዓይኑ ሲጨፈን፣ ሁሉም ነገር ጊዜውን ወስዶ ታየ። የሽቦ ከንፈርም «በቃ» ሲል በግልጽ ይነበባል። ሳታዘገየው ድምፁን ከፍታ ደግማ አየችው። ሽቦን ወደ ኮፈኑ ከመጎተቱ በፊት ዘፈኑ አልቋል። በጸጥታው መሃል «በቃ፣ በናትህ በቃ» ይላል ሽቦ። ከዚያ ነው ቆርቆሮው የሚጮኸው።

ስልኩ እጇ ላይ ጠራ። መብረቅ ነው።

«የኮፈኗን እንዳትቆርጫት» አለ። «አዳራሹ ያብዳል። ትወና መስሏቸው ያጨበጭባሉ።»

«ሲለምንህ ሰምተኸዋል። ዘፈኑ አልቆ ነበር።»

«አንቺም ድገሙት ስትዪ ይሰማል። ካወጣሽው ከትምህርት ቤት የምንወጣው አብረን ነው» ብሎ ዘጋው።

ያን ጊዜ ከጓሮ ጎማ ሲንከባለል ሰማች። ወጣች። የሽቦ እናት አባቷ አጠገብ ቆመዋል። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሥራ አቋርጠው እንደመጡ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። አባቷ ጎንበስ ብለው ክምሩን ያፈርሳሉ።

«ማኘክ አቅቶት እንደ ሕፃን በማንኪያ ነው የማጎርሰው» ይላሉ ሴትዮዋ። «ልጆች በሚውሉበት ጓሮ ጎማ እንዲህ ይከመራል? እርስዎስ ልጅ የለዎትም?»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እህቴ» አሉ አባቷ። «በገመድ ማሰር ነበረብኝ። እንኳን እግዜር ዓይኑን አተረፈልኝ።»

አባቷ እሷ ሳትወለድ ጀምሮ ጎማ ሲከምሩ አንድም ቀን ተንዶባቸው አያውቅም። አሁን ግን ወገባቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው፣ በሌላው ያላጠፉትን ጥፋት ያወርዳሉ።

ቪዲዮው ስልኳ ላይ እንደተከፈተ ነው። መጀመሪያውን ቆርጦ ማስቀረት ከባድ አልነበረም። ከኮፈኑ ብትጀምረው ሽቦ ይለምናል፣ መብረቅ ይመታል፣ የሷ ድምፅ ግን የለም። ጣቷ መቁረጫው ላይ አርፎ ቆየ።

«አባዬ፣ ጎማውን ተወው» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አልወደቀም።»

ጣቷን ከመቁረጫው አንስታ ቪዲዮውን ወደ መጀመሪያው መለሰችው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ ስልኩን ለሽቦ እናት ሰጠቻቸው። አባቷ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቀረብ አሉ።

የጫጩቱ ድምፅ ተንጫጫ። ቡጢው አረፈ። ከዚያ የራሷ ድምፅ፣ ደስ ብሎት፣ ጓሮውን ሞላው፦ «ቆንጆ ነበር! ድገሙት፣ እንደዚያው!»

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩዋት። አባቷ ቪዲዮውን ለማቆም እጃቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉ።

«አትዝጋው፣ አባዬ» አለች ሌንስ። «ገና አላለቀም።»