የፕሬስ ኃላፊው ክራቫት

«አደጋ ነው» አሉ የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ሹም፣ መርማሪዋ ገና የመኪናዋን በር ሳትዘጋ። «ደረጃው ያረጀ ነው፤ አንሸራተታቸውና ወደቁ። መግለጫው ተዘጋጅቷል። የእርስዎን ፊርማ ብቻ ነው የምንጠብቀው።»

«ሟቹን ሳላይ?»

«ለማየቱማ ይዩ። ግን ቶሎ ይበሉ። ጋዜጠኞቹ አዳራሽ ውስጥ ናቸው።»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «እሾህ» ይሏታል፤ ፊት ለፊቷ ግን ደፍሮ የጠራት የለም። ጡረታዋ ቀርቧል፣ ጉልበቷ ያማታል፤ ጥያቄ ሳታነሳ መልስ የሚያቀርብላት ሰው ደግሞ ያንገሸግሻታል።

የፕሬስ ክፍሉ ከዋናው ሕንፃ ጀርባ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ፎቁ ላይ የመግለጫ አዳራሹና ተናጋሪዎች የሚሰናዱበት መዘጋጃ ክፍል አሉ። ከመዘጋጃ ክፍሉ የኋላ በር ቁልቁል የሚወርድ ቀጥ ያለ የብረት ደረጃ አለ። የፕሬስ ጉዳይ ኃላፊው እዚያ ሥር ወድቋል፤ ጭንቅላቱ ሲሚንቶው ላይ፣ እግሮቹ ደረጃው ላይ፣ በጀርባው ተንጋሎ። ጥቁር ሱፍ ለብሷል። ሰማያዊ ክራቫቱ ቋጠሮው ቀጥ ብሎ አምሮበታል፤ ከቋጠሮው በታች ግን ጨርቁ በጡጫ ተይዞ እንደነበር ሁሉ ተጨማዷል።

መርማሪዋ አጠገቧ የተንበረከከውን ሐኪም ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ዶክተር፣ ደረጃ እየወረደ የተንሸራተተ ሰው ምኑ ይቀድማል?»

«እግሩ።»

«የእሱስ?»

«ጭንቅላቱ።» ሐኪሙ ቀና ብሎ በሩን ተመለከተ። «ጀርባውን ለደረጃው፣ ፊቱን ለበሩ ሰጥቶ ቆሞ ነበር።»

«በር ደግሞ አያናግርም። ወዲያው ነው የሞተው?»

«አይመስለኝም። ትንሽ ቆይቷል። የደረሰለት ቢኖር... እንጃ።»

መርማሪዋ ተነስታ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። «አልፈርምም» አለቻቸው ለሹሙ።

የመዘጋጃ ክፍሉ ቁልፍ ከሟቹ ሌላ በአራት ሰዎች እጅ ነበር፤ ምክትሉ በሆነችው ሴት፣ በንግግር ጸሐፊው፣ በፎቶግራፈሩና በሟቹ ረዳት። ሟቹ አዲሱ ፕሬዚዳንት ከመጡ ወዲህ አምስተኛው ኃላፊ ነው። በቢሮው በር ላይ ያለው የስም ሰሌዳ ብሎኖቹ ከመፈታትና ከመታሰር ብዛት ላልተው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሰሌዳው ይዘማል።

መጀመሪያ የገባችው ምክትሏ ነበረች። አምስቱንም ኃላፊዎች ተቀብላ አራቱን ሸኝታለች፤ ሠራተኛው «ቋሚዋ» ይላታል።

«ሲወድቁ የት ነበሩ?»

«ሥራ ላይ።»

«የት?»

«ግቢ ውስጥ። ከሥራዬ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነበረኝ።»

«እኔ ጋዜጠኛ አይደለሁም፣ እመቤቴ።»

«ጋዜጠኛ ቢሆኑማ ይህንንም አልነግርዎትም ነበር» አለች ምክትሏ፣ ሳትስቅ። «ሊያነሷቸው ነው የሚል ወሬ ነበር። ወሬ ላይ አስተያየት አልሰጥም።»

ቀጥሎ የመጣው ንግግር ጸሐፊ ከሲታ፣ ጣቶቹ በሲጋራ ቢጫ የሆኑ ሰው ነበር።

«ሊባረር እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አዲስ ሰው ሲመጣ ደግሞ የራሱን ሰዎች ይዞ ይመጣል፤ እኛንም ጠራርጎ ያወጣናል። ሙሽራ ሲመጣ ቤት ይጠረግ የለ?»

«ይጠሉት ነበር?»

«ጥላቻ ትልቅ ቃል ነው። በቃላት ነው የምተዳደረው፤ አላባክንም።»

«የት ነበሩ?»

«ንጹሕ አየር እየወሰድኩ።»

«በእነዚያ ጣቶች?»

ጸሐፊው እጆቹን ኪሱ ከተተ።

ፎቶግራፈሩም ከእሱ አልተሻለም። መኪናው ውስጥ ስልክ እያወራ ነበር።

«ከማን ጋር?»

«ከዘመድ።»

«ምንዎ ነው?»

«የሩቅ ነው» አለ፣ የካሜራውን ማንገቻ እየጠመዘዘ።

መርማሪዋ ትዕግሥቷ አለቀ። ከእነዚህ ሰዎች አንዲት ቀጥ ያለች ቃል ማውጣት ከድንጋይ ውሃ መጭመቅ ነው። ጥያቄዋ ገና ከአፏ ሳይወጣ መልሱ በጥጥ ተጠቅልሎ ይጠብቃታል።

ስለዚህ ረዳቱ ገብቶ እንባውን እየጠረገ ሲቀመጥ እፎይ አለች። የአርባ ዓመት ሰው ነው። ሟቹ ሬዲዮ ጣቢያ ሲሠራ ቴፕ ተሸክሞለታል፤ ጋዜጣ ሲያዘጋጅ አብሮት ጋዜጣ ገብቷል፤ ቤተ መንግሥት ሲሾምም አብሮት መጥቷል። «ጥላው» የሚል ስም ያወጡለት ለዚህ ነው።

«ጋሼን መጨረሻ ያየኋቸው ጠዋት ነው» አለ። «መኪና ውስጥ ክራቫታቸውን አሰርኩላቸው፣ በር ላይ አወረድኳቸው፣ ቢሮዬ ገባሁ። ከዚያ... ወደቁ ሲሉ ሰማሁ።»

«ሊያነሷቸው ነበር ይባላል።»

«ይበሉ! ጋሼን ማን ያነሳቸዋል? ራሳቸው ካልተዉት በቀር።» መርማሪዋ ውሃ ቀዳችለት።

ከሰዓት በኋላ የሟቹ ሚስት መጣች። ደርቃ እንደ እንጨት ተቀመጠች፤ አላለቀሰችም።

«ክራቫቱን ማን ነው ያሰረለት?» አለች፣ አስከሬኑን አይታ ስትመለስ።

«ለምን ጠየቅሽኝ፣ እህቴ?»

«እሱ ማሰር አይችልም። ስንጋባ እኔ ነኝ ያሰርኩለት፤ ዓመት በዓል ሲመጣም እኔ። እዚህ ከገባ ወዲህ ያ ረዳቱ ነው የሚያስርለት። ዛሬ ግን ሸሚዙን ከፍቶ፣ እያፏጨ ነው የወጣው። ምን ተገኘ ስለው ‹ማታ እነግርሻለሁ› አለኝ።» ከንፈሯን ነከሰች። «ባሌ የሚያፏጭ ሰው አልነበረም፣ እህቴ።»

ከቤት ያለ ክራቫት ወጥቷል፤ ረዳቱ መኪና ውስጥ አስሮለታል። ነገሩ ይገጥማል። መርማሪዋን የከነከናት ፉጨቱ ነው። ሊባረር የደረሰ ሰው ያፏጫል?

በኮሪደሩ ላይ ሹሙ ወረቀታቸውን ይዘው መንገድ ዘጉባት። «ኢንስፔክተር፣ ጋዜጠኞቹን ከዚህ በላይ ማቆየት አልችልም። አንዲት ፊርማ...»

«እርስዎ ዛሬ አግኝተዋቸው ነበር?»

«የጽሕፈት ቤቱን የውስጥ ጉዳይ በተመለከተ...»

መርማሪዋ ግድግዳውን በመዳፏ ጠፈጠፈችው። ሁለት ጸሐፊዎች ከየቢሯቸው ብቅ አሉ።

«ጌታዬ! ከጠዋት ጀምሮ የምነጋገረው ከሰው ጋር ይሁን ከሬዲዮ ጋር አላወቅኩም! ሰው ሞቶብኛል። ሚስቱ እዚያ ማዶ ተቀምጣለች። አግኝተዋቸዋል ወይስ አላገኟቸውም?»

ሹሙ ጸሐፊዎቹን በዓይናቸው መለሱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መጥተው ነበር። ሥራ ለቅቄያለሁ አሉኝ። ዛሬ መግለጫው ላይ ራሴ ለጋዜጠኞቹ እናገራለሁ አሉ።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔ ብቻ። ለማንም እንዳይናገሩ ለመንኳቸው። ይገባዎታል... ፕሬዚዳንቱን ለቆ የሚሄድ ሰው የለም። ፕሬዚዳንቱ ናቸው የሚያሰናብቱት።»

«አለባበሳቸው እንዴት ነበር?»

ሹሙ ግራ ገባቸው። «ሸሚዛቸው ክፍት ነበር። ፕሬዚዳንቱ ቢያዩዎትስ ብላቸው፣ ‹ከእንግዲህ አንገቴን ለማንም አላስይዝም› አሉኝ።»

መርማሪዋ ስልኳን አውጥታ እየተራመደች ሦስት ሰዎች ጋ ደወለች፤ የፕሬዚዳንቱን ቢሮ ጸሐፊ፣ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ጋዜጠኛና ፎቶግራፈሩ ደውሎለት የነበረውን ሰው አነጋገረች። እነሱ ተናገሩ፤ የሚናገሩት በሰው ገመና ላይ ነበርና አፋቸው አልያዛቸውም።

ሁሉንም መዘጋጃ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሹሙ ክራቫቶች ከተሰቀሉበት መስቀያ አጠገብ፣ የመስታወቱን ጠርዝ ተደግፈው ቆሙ፤ ሚስቲቱ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። የኋላው በር ተዘግቷል።

«ሟቹ ሲወድቁ ፊታቸው ወደዚህ ክፍል ነበር» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «የሚያናግሩት ሰው ነበር። ያ ሰው ከእናንተ ከአራቱ አንዱ ነው። ሦስታችሁ የት እንደነበራችሁ ልትነግሩኝ አልፈለጋችሁም፤ አሁን ምክንያቱን አውቄዋለሁ።»

ወደ ምክትሏ ዞረች። «እርስዎ የፕሬዚዳንቱ ቢሮ ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ሰውየው ሳይነሱ ቦታቸውን ሊለምኑ።»

ምክትሏ ሚስቲቱን ቀና ብላ ለማየት አቃታት።

«እርስዎ» አለችው ንግግር ጸሐፊውን፣ «ከአጥሩ ጥግ ለጋዜጠኛ የመሥሪያ ቤታችሁን ምስጢር እየቆረሱ ነበር። አብሮዎት የነበረው ሰው አረጋግጦልኛል። እርስዎ ደግሞ ከዘመድዎ ጋር ያወሩት ስለ አዲስ ሥራ ነው። የሩቅ ያሉኝ ዘመድ የተቃዋሚው ፓርቲ ሊቀ መንበር ነው።»

ፎቶግራፈሩ በሲቃ ሳቀ፤ የሳቀለት ግን አልነበረም።

«የከዳችሁት ሁላችሁም ምስክር አላችሁ» አለች መርማሪዋ ምርር ብሎአት። «ምስክር ያጣው ያልከዳው ነው።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ረዳቱ ዞሩ። መርማሪዋ ከፊቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ድምፅዋ ለሰለሰ።

«ወንድሜ፣ ጠዋት መኪና ውስጥ ክራቫት አሰርኩላቸው ብለኸኛል። ከመኪናው ወርደው ሹሙ ዘንድ ሲገቡ ግን ክራቫት አልነበራቸውም። ስለዚህ የታሰረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እዚህ፣ ከዚያ መስቀያ ላይ ካሉት ክራቫቶች በአንዱ። ራሳቸው ማሰር አይችሉም። አንገታቸውን የሚሰጡት ደግሞ ለሚስታቸውና ለአንተ ብቻ ነው።»

ረዳቱ መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው።

«ደግሞ ሁሉም ‹ሊባረሩ ነው› ሲሉ፣ አንተ ብቻ ‹ራሳቸው ካልተዉት› አልክ። መልቀቃቸውን የሚያውቁት ሹሙ ብቻ ነበሩ። ለአንተ የነገሩህ ራሳቸው ናቸው፤ ክራቫቱን ስታስርላቸው። ጨርቁ ከቋጠሮው በታች ተጨማዷል። ይዘሃቸው ነበር።»

«ባዶ አንገታቸውን ካሜራ ፊት ሊቆሙ ነው» አለ ረዳቱ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ልሰርልዎ አልኳቸው። ሳቁ። ‹ለመጨረሻ ጊዜ› አሉኝ። እያሰርኩ ነገሩኝ። ለቀቅኩ አሉ። እሺ ጋሼ፣ ወዴት ነው የምንሄደው? አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«‹የምሄደው እኔ ነኝ› አሉኝ።»

ሚስቲቱ ዓይኗን ጨፈነች።

«እኔኮ ሬዲዮ ጣቢያው ኃላፊ ላድርግህ ሲለኝ እምቢ ብያለሁ። እጮኛዬ ምረጥ ስትለኝ እሳቸውን መርጫለሁ። ያዝኳቸው። እየገፋሁ፣ እየጎተትኩ... እንጃ። ከበሩ ወጥተን ነበር። ‹ልቀቀኝ› አሉኝ፤ ጮኹብኝ። ጮኸውብኝ አያውቁም። ገፈተርኳቸው።»

«ሐኪም ሳትጠራላቸው?»

«በሩን ዘጋሁና ቢሮዬ ገብቼ ተቀመጥኩ።» ፊቱ ላይ የሕፃን ግራ መጋባት ነበር። «እስኪጠሩኝ ነበር የምጠብቀው።»

ፖሊሶች ገብተው ወሰዱት። ከደጅ የመኪናው በር ሲዘጋ እንደተሰማ ሹሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ምክትሏ ጠጋ አሉ።

«ቦታው የእርስዎ ነው። ፕሬዚዳንቱ ተስማምተዋል። አሁን ይግቡና አደጋ ነው ይበሉ። ስለ መልቀቃቸው አንዲት ቃል እንዳትወጣ።»

ምክትሏ ወረቀቱን ተቀብላ ወደ አዳራሹ ገባች። መርማሪዋ በንዴት ጥርሷን ነክሳ ከበሩ ቆማ ታያት ጀመር። ምክትሏ ማይክራፎኑን ወደ አፏ አስተካከለች። ወረቀቱን አየችው፣ አጠፈችው።

«የፕሬስ ጉዳይ ኃላፊያችን ዛሬ ጠዋት ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀዋል» አለች። «ከዚያ ተገድለዋል። የገደላቸው ከእኛው አንዱ ነው፤ ተይዟል።»

ከአዳራሹ ኋላ አንዱ «ለምን ለቀቁ?» ብሎ ጮኸ።

«ደክሟቸው ነበር።» የማይክራፎኑን ዘንግ ጨብጣለች። «እዚህ ቤት ያልደከመው የለም።»

ሹሙ ስልካቸውን አውጥተው ወደ ኮሪደሩ ወጡ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ምክትሏ ከውጪው በር ላይ፣ የሥራ መታወቂያዋን አስረክባ፣ ቦርሳዋን አቅፋ ታክሲ ስትጠብቅ መርማሪዋ መኪናዋን አቆመችላት።

«ግቢ፤ ላድርስሽ።»

ገባች። ጥቂት እንደሄዱ፣ «የእርስዎ አለቃስ ምን አሉ?» ብላ ጠየቀች።

«ሪፖርቱን ‹አለስልሺው› ሊለኝ ነው። ሦስቴ ደውሏል፤ አላነሳሁም።»

«ቢቆጡስ?»

«ይቆጣ።»

ስልክ ጮኸ። ምክትሏ ደንግጣ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ወረቀቱንም ሜካፑንም ጭኗ ላይ ዘረገፈች፣ ስልኳን አግኝታ አየችው። ስክሪኑ ጨለማ ነው። የሚጮኸው የመርማሪዋ ነበር።

«የእኔ አይደለም» አለች። ደግማ «የእኔ አይደለም!» አለችና ሳቀች፤ ሳቋ እየሳሳ ሄዶ ወደ ልቅሶ ሲለወጥ መርማሪዋ መንዳቷን ቀጠለች፤ ስልኩም መጮኹን አልተወም።