ወንጪ ላይ አቤት ያላልኩት ጥሪ

ወገኖቼ፣ እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፤ እናቴ ማታ ማታ እጣቢ ወደ ደጅ ስትደፋ «በስመ አብ» ስትል ሥቄባት ጥፊ ቀምሻለሁ፣ ያም ሆኖ አልተማርኩም። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ሰምታችሁ «ሰውዬው ጃጅቷል» ብትሉ አልቀየምም፣ ግን እመኑኝ፣ የሆነው እንደዚህ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ አምቦም በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ገና ሀገረ ሕይወት ትባላለች። እኔ የመንግሥት የዓሣ ባለሙያ ነበርኩ፣ ታዬ ደግሞ ከአዲስ አበባ፣ ከዩኒቨርሲቲ የተላከ ወጣት መምህር፤ አለቆቻችን ተስማምተው፣ ወንጪ ሐይቅ ውስጥ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጫጩት ጨምረን ይራባ እንደሆነ እንድናጠና አጣመሩን። «ላንድሮቨሩ የእናንተ፣ ነዳጁ የእኛ፣ ጭቃው የጋራ» ይል ነበር ታዬ፣ መቼም ከአፉ ቀልድ አይጠፋም። ሁሉም ሰው «ጓድ» በሚባልበት በዚያ ጊዜ እኔን «ጓድ ዓሣ» ብሎ ሰየመኝ፣ በዚህ ስም ከሱ በቀር የሚጠራኝ አልነበረም።

ወንጪን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ላይ ጉሙ ከተራራው ተንሸራቶ ሐይቁ ላይ ሲተኛ የገዛ እጅን አያሳይም። ስለዚህ አንድ ሥርዓት አበጀን፤ በጀልባ የገባው ሰው ጉም ሲይዘው የጀልባውን ጠርዝ በመቅዘፊያ ሁለቴ ይመታና ይጣራል፣ ዳር የቀረው «አቤት! ወደዚህ!» ይላል፣ ቀዛፊውም ድምፁን ተከትሎ ይወጣል። ታዬ ዋና አይችልም ነበር። የዓሣ ተመራማሪ ሆኖ ዋና አለመቻሉ ያስቀኝ ነበር፣ እሱ ግን «አንተ አቤት እስካልከኝ ድረስ ዋና ምን ያደርግልኛል?» ይለኛል።

የጀልባው ባለቤት ኦቦ ገመቹ ይኼን ሥርዓታችንን አይወዱትም። «ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ በጉም ውስጥ ሦስት ጊዜ ካልተጠሩ አቤት አይባልም። ሰው ከሆነ ሦስተኛ ይጠራል፣ ያ የውኃው ነገር ግን ከሁለት አያልፍም» ይሉናል። እኛ እንሥቃለን።

አንድ ሳምንት ታዬ ናሙና ለማስመርመር አዲስ አበባ ሄደ፣ አርብ እመለሳለሁ አለ፣ ሲሄድም «እዚሁ የተወለደች ዓሣ ካገኘህ፣ አደራ፣ እኔ ሳላያት እንዳትለቃት» አለኝ። የልፋታችን ሁሉ መልስ እሷ ነበረቻ! ታዲያ አርብ ከሰዓት ከኦቦ ገመቹ ጋር መረቡን ስንስብ ከትንሽ ጣቴ የማትበልጥ ቆሮሶ ወጣች፣ እኛ ያስገባናቸው በዚያ ጊዜ አድገዋል፣ ይቺ ሐይቁ የወለዳት ናት። ባልዲ ውስጥ አድርጌያት፣ ደስታዬ አላስቀምጥ ብሎኝ፣ ታዬ ከዳገቱ ላይ ብቅ ይል እንደሆነ ሳንጋጥጥ ዋልኩ።

ሊመሽ ሲል ጉሙ ወረደ። ዕቃችንን እየሰበሰብን ሳለ ከሐይቁ ውስጥ እንጨት በእንጨት ላይ ሲመታ ሰማሁ፣ ቋ፣ ቋ። ጀልባችን እግራችን ሥር ታስራለች፣ መቅዘፊያው በእጄ ነው፣ በዚያ በኩል ደግሞ ሌላ ጀልባ አልነበረም።

«ጓድ ዓሣ!»

የታዬ ድምፅ ነው፣ ያቺ የምታሾፍ ሣቁ ሳትቀር። «ተወልዳለች!» ልለው ብድግ ስል ኦቦ ገመቹ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

«ጨልኢሲ! ዝም በል! ጀልባው ይኸው እዚህ ነው፣ ልጁ በምን ገባ?»

እውነታቸውን ነው። ቋ፣ ቋ፣ አሁን ቀረብ አለ፣ ነፋስ ሳይኖር ማዕበል መጥቶ ዳሩን ላሰው፣ ጀልባችንም በገመዷ ላይ ቀስ ብላ ዞራ አፍንጫዋን ወደ ድምፁ አደረገች።

«ጓድ ዓሣ! የት ነህ?»

በዚህኛው ውስጥ ሣቅ አልነበረም፣ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። እኔም፣ በምንም የማላምነው ሰውዬ፣ አፌን ከፍቼ ሦስተኛውን ጠበቅሁ። ሦስተኛው አልመጣም። ቋ፣ ቋ እያለ ወደ መሐል ራቀ፣ ከዚያ ውኃው ዝም አለ።

ታዬ ያን ቀንም፣ በማግሥቱም አልመጣም። አዲስ አበባ ወርጄ እህቱን ጠየቅኋት፣ አርብ ጠዋት ቦርሳውን ይዞ «ወንጪ መሄዴ ነው» ብሎ ወጥቷል፣ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ያኔ ሰው ወጥቶ ይቀር ነበር፣ ማንን ትጠይቃለህ? «አንተ ጋ አልደረሰም እንዴ?» አለችኝ ዓይን ዓይኔን እያየች። «አልደረሰም» አልኳት። እውነት ይሁን ውሸት የነገርኳት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዓሣዋን ለቀቅኋት። ከዩኒቨርሲቲው ሌላ ሰው ተላከ፣ ጥናቱ ቀጠለ፣ ቆሮሶውም ተራባ። ኦቦ ገመቹ እስኪሞቱ ድረስ «እኔ ነኝ ያተረፍኩህ» ይሉኝ ነበር፣ አላመሰገንኳቸውም፣ አልወቀስኳቸውምም። ግን ይቆጨኛል፣ ወገኖቼ፣ አንጀቴን ይበላኛል፤ አንዲት አቤት ምን ታስከፍለኝ ነበር?

አሁን ጡረታ ወጥቼ አምቦ ተቀምጫለሁ። ሰው ከደጅ ሲጠራኝ ገና ስሜን ሳይጨርስ «አቤት! ወደዚህ!» እላለሁ፣ ክረምት ጉም በወረደ ቁጥርማ ማንም ሳይጠራኝም በረንዳ ላይ ወጥቼ እላለሁ፣ ባለቤቴም «ኧረ ማንም አልጠራህም፣ ግባ፣ ብርድ ይመታሃል» ትለኛለች። የታዬን ነገር ለሷ አንድም ቀን አውርቼላት አላውቅም።

ባለፈው ክረምት ግን ግባ አላለችኝም። በሩን ይዛ ቆማ ወደ ጉሙ ስታይ ቆየችና፣

«ጓድ ዓሣ ማነው?» አለችኝ።