በኮኪት በር ላይ የተጻፈው ቀን

በጥቅምት ወር ፳፻፲፪ ዓ.ም.፣ የሰሊጥ አጨዳ በተጋጋለበት ሰሞን፣ አንዲት ባጃጅ ያረጀ የእንጨት በር በጣሪያዋ ላይ አስራ ከኮኪት ወደ መተማ ዮሐንስ ትጓዝ ነበር፤ በሩን በእጃቸው ደግፈው የተቀመጡት ጡረተኛው አቶ ቢሆነኝ ነበሩ።

አቶ ቢሆነኝ በወጣትነታቸው የወባ መከላከል ሠራተኛ ሆነው ፓምፕ ተሸክመው ከጎጆ ጎጆ ዲዲቲ ይረጩ ነበር። በ፲፱፻፷፱ ዓ.ም. መተማ በጦርነት ለአራት ወር ከመንግሥት እጅ ስትወጣ አለቆቻቸው ወደ ጎንደር ሸሹ፤ እርሳቸው ግን በመጋዘን የቀረውን መድኃኒት ይዘው ሥራቸውን ቀጠሉ። ከዚያም በኋላ እስከ ስልሳ ዓመታቸው አገለገሉ፤ ጡረታ ሲወጡ ግን ከመዝገባቸው «በ፷፱ ሥራውን ጥሎ የኮበለለ» የሚል ቃል ተገኘና ጡረታቸው ታገደ። ሰባት ዓመት ደጅ ጠኑ፤ ምስክር የሚሆኗቸው አለቆች ሞተዋል፤ የጡረታ ጽሕፈት ቤቱም «የጽሑፍ ማስረጃ ያምጡ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረውም።

በተረጨ ቤት በር ላይ ቀንና ስም መጻፍ የሥራው ደንብ ነበርና፣ በመጨረሻ በየመንደሩ እየዞሩ የድሮ በር ይፈልጉ ጀመር። ጎጆው ሁሉ ፈርሶ በቆርቆሮ ቤት ተተክቷል፤ አንድ በር ብቻ በኮኪት፣ በባለ ሱቋ በሐጃ ረቢዓ ጓሮ ተገኘ።

«ሐጃ፣ ይህን ስለ ምን አልጣሉትም?» ሲሉ በመገረም ጠየቁ።

«ልጄ ሩፊዳ በተወለደች ማግሥት ነው የጻፉበት። አራስ ነኝ ብልዎ ከውጭ ዳስ ጥለው አስቀመጡኝ፤ ረሱት? ማንበብ አላውቅም፤ ዕድሜዋን ለጠየቀኝ ሁሉ በሩን ነው የማሳየው። ይውሰዱት፤ ግን ይመልሱልኝ።»

ባጃጇ መተማ ዮሐንስ ጽሕፈት ቤቱ ደጅ ስትቆም፣ የመዝገብ ቤቷ ሹም ወይዘሮ እፀገነት ነገሩን ሰምታ ሳቋ መጣ። «አባቴ፣ በር እኮ ፋይል ውስጥ አይገባም!»

«አይግባ፤ አንቺ ውጪና አንብቢው።»

ወጣች። በደበዘዘ ቀለም «ቁጥር ፵፫፤ ግንቦት ፭ ቀን ፷፱፤ ቢሆነኝ» ይላል። ተመልሳ ፋይሉን አመጣችና የእጅ ጽሑፉን ፊደል በፊደል ታስተያይ ጀመር።

«ይህ የሚያስረዳው አንድ ቀን ነው፤ አራት ወር አይሞላም» አለች።

«እውነትሽን ነው። ግን የኮበለለ ሰው በግንቦት ኮኪት ምን ይሠራል?»

ፋይሉን ዘጋችና፣ እንደ ሹም ሳይሆን ማወቅ እንደምትሻ ሰው፣ «መንግሥት በሌለበት ለማን ብለው ሠሩ?» አለቻቸው።

«ትንኟ መንግሥት የለም ብላ መች ተወችን፣ ልጄ?»

ወይዘሮ እፀገነት በሩን ፎቶ አነሳች፤ ቃለ ጉባኤም በገዛ እጇ ጻፈች፤ በሩም ወደ ሐጃ ረቢዓ ጓሮ ተመለሰ። ከስምንት ወር በኋላ «የኮበለለ» የሚለው ቃል ተሰርዞ ጡረታቸው ተከበረላቸው፤ ከአራቱ ወር ግን የተቆጠረላቸው ያች አንዲት ቀን ብቻ ነበረች። አቶ ቢሆነኝ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ «ይበቃል» አሉ።

የዚያን ዘመን ጦርነት የሚተርኩ ሰዎች መተማን ማን እንደ ያዛት፣ ማንስ እንዳስለቀቃት ይናገራሉ፤ በዚያው ወራት በኮኪት ጎጆዎች በወባ ሳይሞቱ ያደጉትን ሕፃናት ግን የቆጠረ የለም፤ ያልደረሰ ሞት በታሪክ አይጻፍምና።