ጃርት የደፈነው ጉድጓድ

«ጃርት ነው ባክሽ!» አለች ቢምካሊ፣ ገና ሳትጠየቅ።

ሱንማያ ከኩሪሎው ሐረግ ሥር ተንበርክካ አፈሩን ታያለች። ይህን እሾሃም ሐረግ ትምህርት ቤታቸው ለሁለቱ ሲሰጣቸው የጣት ያህል ችግኝ ነበር። በጫካችን ኩሪሎ ሥሩ ለመድኃኒት እየተማሰ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ሁለቱ ልጆች ውሃ እያመላለሱ፣ ፍየል እያባረሩ፣ በእሾሁ እየተቧጨሩ ዛፍ ላይ አወጡት። ሱንማያማ ከእኛ ከጎረቤቶቿ አስቀድማ እሱን ነው ደህና አደርክ የምትለው፤ ተቀይመን ተቀይመን ለመድነው። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬ ያዘ። ፍሬው ቀልቶ ዘሩ በጫካው እስኪዘራ ድረስ ማንም ሥሩን እንዳይነካ መንደሩ ተስማምቷል።

ዛሬ ግን ጫፉ ጠውልጎ ተንጠልጥሏል።

«ጃርት ቆፍሮ ሲበላ ጉድጓዱን እንደከፈተው ጥሎ ነው የሚሄደው» አለች ሱንማያ። «ይሄኛው መልሶ ደፍኖታል። ደረቅ ቅጠልም አልብሶታል።»

«የሠለጠነ ጃርት ይሆናላ!»

ቢምካሊ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ከእኛ ሰው ኩሪሎ ቆፍሮ ጉድጓድ ክፍት የሚተው የለም። ሁለት ሥር ለሐረጉ ያስቀራል፣ አፈሩን ይመልሳል፣ ቅጠል ያለብሳል። ለስርቆት የመጣ እጅ እንኳ ይህን አይረሳም።

ሱንማያ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደደች። ሁለት ወፍራም ሥሮች ነኳት። ከዚያ የጓደኛዋን ክንድ አየች፤ የእሾሁ ጭረት ገና ደሙ አልደረቀም። ከታች ካለው ቤት የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። የቢምካሊ ወንድም ሚስት በቅርቡ ወልዳ ጡቷ ወተት እምቢ ብሏታል። ለእንዲህ ያለች አራስ ደግሞ እናቶቻችን የሚያውቁት የኩሪሎ ሥር ቀቅሎ ማጠጣት ነው።

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«እምቢ ብትዪኝስ? አንቺ እንደሆነ ከሰው ሐረጉን ትወጃለሽ።»

ሱንማያ ሥሮቹን መልሳ በአፈር ሸፈነች። እምቢ እላት ነበር?

የጫካው ጠባቂ አባባ ማንሲንግ የሽቦ ወጥመድ አንጠልጥለው ደረሱ። «ቢምካሊ ነግራኛለች። ያንን ጃርት ዛሬ አንገቱን ነው የምይዘው!»

ቢምካሊ ሱንማያን በዓይኗ ለመነቻት።

«አባባ፣ ወጥመዱን አያጥምዱት።»

«ለምን? ጃርቱ ዘመድሽ ነው?»

«ቢምካሊ ትንገርዎት።»

ሱንማያ ሁለቱንም ጀሪካኖች አነሳች። ወትሮ አንዱን የምትይዘው ቢምካሊ ነበረች።

«ሁለቱን ምን ልታደርጊያቸው ነው?» አሉ አባባ።

«አንዱ ለሐረጉ።»

«ሌላውስ?»

«ለአራሷ ቤት።»

ወደ ምንጩ ቁልቁል ወረደች። ከኋላዋ የቢምካሊ ድምፅ ቀጥኖ «አባባ…» ሲል ሰማች። አልዞረችም።