የሞላሰስ ጎርፍ

«ሞላሰስ ሰው ገደለ? ሙድ እየያዝክብኝ ነው አይደል?»

አርሴማ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቅላ ለዮሲ መለሰችለት። የሮም ሜትሮ ባቡር ከፖንቴ ማሞሎ ጣቢያ ተነስቶ ወደ ትምህርት ቤታቸው እየከነፈ ነው።

«ፖድካስቱን ራስሽ ሰማሽው እኮ» አለ ዮሲ። «አሜሪካ፣ ቦስተን፣ በፈረንጆቹ 1919። ሞላሰስ የሚሉት የስኳር ዝቃጭ የሞላበት ግዙፍ ታንከር ተቀደደና ሰፈሩን እንደ ጎርፍ አጥለቀለቀው። ሃያ አንድ ሰው ሞቷል። አሎራ፣ እንግዲህ ለታሪክ ገለጻችን ይሄን እናቅርብ።»

አርሴማ አላመነችውም። አምና ስለ አስተማሪያቸው «ፕሮፌሶሬሳዋ ነገ አትመጣም» ብሏት፣ ሳታጠና ሄዳ ክፍሉ ፊት ተዋርዳለች። ያኔ ሮም ከገባ ገና ወሩ ነበርና «ጣልያንኛው ስላልገባኝ ነው» አላት። እውነቱን ይሁን እያላገጠባት እስከ ዛሬ አታውቅም።

ማታ ቤቷ ፎቶዎቹን ፈልጋ አገኘች። የተሰባበሩ ቤቶች፣ ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር የዋጣቸው ጋሪዎች። እውነት ነው! ዮሲ የላከላትን የፖድካስቱን ክፍል ደግማ ሰማችው። የታንከሩ ባለቤት ኩባንያ «ቦምብ ያጠመዱ፣ መንግሥት አይኑር የሚሉ አናርኪስቶች ናቸው» ማለቱን፣ ሰፈሩ የጣልያን ስደተኞች ሰፈር በመሆኑም ጥርጣሬው እነሱ ላይ ማረፉን ተርኮ ያበቃል።

ቀጥሎ ግን ክፍል ሁለት አለ። እሱን ዮሲ አልላከላትም። ከፍታ አዳመጠችው። ከብዙ ዓመት ሙግት በኋላ ቦምብ እንዳልነበረ ታወቀ። ታንከሩ ሲሠራ ጀምሮ ያፈስ ነበር፤ ማፍሰሱ እንዳይታይም ቡናማ ቀለም ቀቡት።

የአርሴማ ደም ፈላ። ሮም ውስጥ፣ በጣልያን ተማሪዎች ፊት ቆማ «ያፈነዱት ጣልያኖች ናቸው» እንድትል ፈልጎ ኖሯል! የዮሲን ስም ከገለጻው ላይ አጠፋችው።

ጠዋት በር ላይ ያዘችው። «ክፍል ሁለትን ለምን ደበቅከኝ?»

«የምን ክፍል ሁለት?» ዮሲ ደነገጠ። «የምኖርበት የስደተኞች ማዕከል ዋይፋይ ተቋርጦብኝ ያወረድኩት ያን ብቻ ነው።»

«እንደ አምናው መሆኑ ነዋ?»

ዮሲ ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ። «ሱፐርማርኬት ስገባ ዘበኛው እንደ ሌባ እያየኝ ከኋላዬ አይጠፋም። ለምጄዋለሁ። አንቺ ግን...» ሳይጨርስ ወደ ክፍል ገባ።

ፕሮፌሶሬሳዋ አርሴማን ወደ ሰሌዳው ጠራቻት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ስም ብቻ አየችና፣ «ብቻሽን ነው የሠራሽው?» አለች።

አርሴማ ወደ ኋላ ተመለከተች። ዮሲ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። እውነቱን ይሁን ውሸቱን ከማጅራቱ ማንበብ አይቻልም። የአምናውን አሁንም አታውቅም፤ ምናልባት መቼም አታውቀው ይሆናል።

«አይ፣ ከዮሲ ጋር ነው» አለች። «ያገኘውም እሱ ነው። መጀመሪያውን እሱ ይንገራችሁ።»

ከዚያ ከሰሌዳው መሃል ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።