ገመድ ቆራጯ

ሙዚቃው ከተከፈተ ገና ብዙም አልቆየም፤ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ አፉን አሞጥሙጦ እንደ ልብስ ማጠቢያ ማሽን «ዡ... ዡ... ዡ» ማለት ጀመረ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ሰሌዳው ፊት፣ ከትንሿ ድምፅ ማጉያ አጠገብ፣ ፔሪዛት ብቻዋን ቆማለች። ብቻዋን መቆም አልነበረባትም። አጠገቧ መሆን የነበረባት ኢንካር ከዲልናዝ ጎን ተቀምጣ የእስክሪብቶዋን ክዳን ትነክሳለች።

የሙዚቃ መምህሯ ተማሪዎቹን ጸጥ ካሰኙ በኋላ ወደ ኢንካር ዞሩ። «ይሄ የሁለታችሁ ሥራ አይደለም እንዴ? አብረን እናቀርባለን ብላችሁ አልነበር የነገራችሁኝ?»

ዲልናዝ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ኢንካርን አየቻት።

«አይ፣ የሷ ነው» አለች ኢንካር። «እኔ ማጉያውን ነው የተሸከምኩላት።»

እዚህ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት! ግን አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው ሆነና፣ «አብሯት የሚሰማ ሰው የላትም፤ አሳዝናኝ ነው» ብላ ጨመረችበት።

አሁን ሳቁ ሌላ ሳቅ ሆነ። ዲልናዝ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት፣ ኢንካርም አብራ ሳቀች። ፔሪዛት አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ሙዚቃውን አጠፋች፣ ገመዱን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ሄዳም ቦታዋ ተቀመጠች። መምህሯ ቀጣዩን ተማሪ ጠሩ።

ውሸት ነበር። አንዲት እውነተኛ ቃል አልነበረበትም።

«ቱንጊ» የተባለውን የሙዚቃ ቡድን ለኢንካር ያስተዋወቀቻት ፔሪዛት መሆኗ እውነት ነው። ባለፈው ክረምት፣ ከተማቸው ታራዝ በበረዶ ስትቀበር፣ ከትምህርት ቤት በሚመልሳቸው አውቶቡስ ውስጥ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ አውልቃ «እንኪ፣ ዝም ብለሽ ስሚ» አለቻት። ያበደችው ግን ኢንካር ናት። ቱንጊ ማለት ሁለት የአልማቲ ልጆች ናቸው፤ ወንድምና እህት። ፊታቸውን አያሳዩም፣ አይዘፍኑም። የትራም ሐዲድ ጩኸት፣ የማሞቂያ ቧንቧ ኳኳታ፣ ሽቦ ላይ የሚያፏጭ የሜዳ ነፋስ ይቀዱና በኮምፒውተር ፈጭተው፣ አቡክተው፣ ሙዚቃ አድርገው ያወጡታል። ኢንካር አንደኛውን ሥራቸውን ስትሰማ ሁልጊዜ ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ይቆማል። ነፋሱ ብቻውን ይነፍሳል፣ ይነፍሳል፣ ሰው ሊሰለች ሲል ከመሬት በታች የመጣ የሚመስል ከበሮ ቀስ ብሎ ይገባል። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ እንባዋ መጣና «ብርዱ ነው» አለች። ፔሪዛት ብርዱ እንዳልሆነ ገብቷታል።

የኢንካር ትንሽ ወንድም አልዲያር ከተወለደ ወዲህ ቤታቸው ገበያ ሆኗል። ልቅሶው፣ ጎረቤቱ፣ አክስቱ፣ ምክሩ! በዚያ ሙዚቃ ውስጥ ግን ኢንካር የራሷ ክፍል ነበራት። ግጥም ስለሌለው ይህ ይሰማሽ፣ ያ ይሰማሽ ብሎ የሚያዛት የለም። ይህን ሁሉ ለፔሪዛት አውርታላታለች። ለክፍሉም ሊናገሩት የተስማሙት ይህንኑ ነበር፤ የመጀመሪያውን አረፍተ ነገር ኢንካር፣ ሁለተኛውን ፔሪዛት።

ታዲያ ምን ነካት? ዲልናዝ ናት የነካቻት። ዲልናዝ ማለት ምሳ ሰዓት ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ የምትወስን ልጅ ናት። በዚያው ሳምንት ኢንካርን «ነይ እኛ ጋ» ብላ ጠርታት ነበር። እነ ዲልናዝ የሚሰሙት ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ዘፈን ነው። ከዚያ ውጪ የሚሰማ ፋራ ነው፤ በቃ። ኢንካር ደግሞ ከጠረጴዛው ገና ሳትጠግብ መነሳት አልፈለገችም።

ያን ቀን ፔሪዛት አውቶቡሱን ሳትጠብቅ በእግሯ ሄደች። ኢንካር ብቻዋን ተሳፍራ፣ የጆሮ ማዳመጫዋን አውጥታ መልሳ ከተተችው። ከቱንጊ ጋር ፊት ለፊት ለመተያየት ያፈረች ያህል ነበር።

ቤት ስትገባ አያቷ፣ አፓ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ጥቁርና ነጭ ክር ይገምዳሉ። አልዲያር መራመድ ጀምሯል፤ እሑድ ድግስ አለ። ልጅ እግሩን ሲተክል ቁርጭምጭሚቱን በጥቁርና ነጭ ገመድ ያስሩትና የተመረጠ ሰው በመቀስ ይቆርጥለታል። ልጁ በሕይወቱ እንደ ቆራጩ ይራመዳል ይባላል፤ ስለዚህ ቆራጭ የሚሆነው ያገኙት ሰው ሁሉ አይደለም። ሰሞኑን ቤቱ ሲታመስ የከረመው በዚሁ ነው። የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር የሆነችው አክስቷ ሳውሌ መቀሱ ለእኔ ይገባል ብላ ነገሩን ጨርሳው ነበር።

«ነይ የኔ ግልገል» አሉ አፓ፣ የገመዱን ጫፍ እያስያዟት። «ዛሬ ቁርጡን ተናገርኩ። ቆራጯ አንቺ ነሽ።»

«እኔ? አክስቴ ሳውሌስ?»

«ትኩረፍ። ሳውሌ ስትራመድ ሰው እየገፋች ነው።» አፓ ሳቅ አሉ። «እኔ የፈለግኩት የሰው ልብ የማይረግጥ ነው። ፔሪዛት ሳንባዋን ታማ የተኛች ጊዜ፣ በየቀኑ ደብተርሽን ይዘሽ ታችኛው ፎቅ ቤቷ ትወርጂ አልነበር? ጓደኛዋን የማትጥል ልጅ ናት፣ አልዲያርም እንዲያ ይሁንልኝ አልኳቸው። እናትሽም ደስ አላት።»

ኢንካር ገመዱን እንደያዘች ሀፍረት ውሃ አደረጋት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ነገር ግን የአፓን ፊት ስታይ ተወችው። «ያጥብቁት» ብቻ አለች፣ ገመዱን ማለቷ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አስቀያሚ ነበሩ። ትምህርት ቤት ውስጥ ያ የኋላ ወንበር ልጅ ፔሪዛት በምታልፍበት ሁሉ «ዡ... ዡ» እያለ ሙድ ይይዝባታል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና ሌሎችም ተከተሉት። «አሳዛኟ» የሚል ስም ወጣላት። ስሙን ያወጣችው ኢንካር አይደለችም፤ ግን ከማን አፍ እንደተለቀመ ታውቃለች። በዲልናዝ ጠረጴዛ ተቀምጣ ምሳዋን ሳትጨርስ ትመልሰዋለች። ቤት ስትመለስ ደግሞ አልዲያር ሶፋውን ይዞ ተንገዳግዶ እየመጣ ጉልበቷን ያቅፋል። እንደኔ ነው የሚራመደው፣ ትላለች በልቧ። እንደኔ! የሚወደውን ጓደኛ በሰው ፊት ክዶ፣ ከዚያ አብሮ የሚስቅ ሰው ሊሆን ነው። ተረት ነው ብላ ራሷን ልታታልል ሞከረች፤ ታዲያ ተረት ከሆነ ለምን እንቅልፍ ነሳት?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረጃውን ወርዳ የፔሪዛትን በር አንኳኳች። ፔሪዛት ከፈተች፤ ግን ግቢ አላለቻትም። ኢንካር ያዘጋጀችው ብዙ ነገር ነበር፤ በሩ ሲከፈት ሁሉም ጠፋባትና ይቅርታ ብቻ አለች።

«መሳቅሽን ተይው» አለች ፔሪዛት፣ የበሩን እጀታ እንደያዘች። «ሁሉም ስቋል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። አሳዝኜሽ ነው ስትሰሚ የከረምሽው?»

«አይደለም። እንዴት እንደምወደው አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እኔማ አውቃለሁ።» እጀታውን ጠበቅ አደረገች። «እኔ አላውቅ ብዬ ነው ታዲያ የመጣሽው? የነገርሽው ለእነሱ ነው። ለኔ እዚህ በር ላይ ብታንሾካሹኪ ምን ይጠቅመኛል?»

በሩን አላጋጨችውም፤ ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ያ ደግሞ ከማጋጨት ይብሳል።

እሑድ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ጠረጴዛው ላይ የፈረስ ሥጋው፣ በዘይት የተጠበሰው ሊጥ ባውርሳኩ፣ ከረሜላው ተደርድሯል። እናቷ የክፍሏን ልጆች ጋብዛ ስለነበር ዲልናዝም አዲስ ቀሚስ ለብሳ መጥታለች። ፔሪዛት ከእናቷ ጋር መጣች፤ ጎረቤት ነውና መቅረት አይቻልም። ግን ኮሪደሩ አፍ ላይ፣ ጫማ ከሚወልቅበት አጠገብ ቆመች።

ወለሉ ላይ ነጭ ጨርቅ ተዘረጋ። አልዲያር ባርኔጣው ዓይኑን ጋርዶት፣ እግሮቹ በጥቁርና ነጩ ገመድ ታስረው፣ ባውርሳክ እያኘከ በእናቱ እጅ ተደግፎ ቆመ። አፓ መረቁ። ከዚያ መቀሱን በሁለት እጃቸው ወደ ኢንካር ዘረጉ።

ኢንካር እጇን አላነሳችም።

«አፓ፣ እኔ አልቆርጥም።»

«ምን ዓይነት ቅብጠት ነው?» አለች አክስቷ ሳውሌ። «ልጁ ታስሮ ቆሟል እኮ!»

አፓ በእጃቸው ዝም አሰኟት። «ለምን?»

ሁሉም ያያታል። ለአፓ ጆሮ ብቻ ልትናገር ትችል ነበር፤ ጎንበስ ብትል ይበቃ ነበር። ጎንበስ አላለችም።

«ፔሪዛት ላይ ዋሸሁ» አለች። «በክፍሉ ልጆች ሁሉ ፊት። አብረን የሠራነውን የሷ ነው አልኩ። ሙዚቃውን አብሬያት የምሰማው አሳዝናኝ ነው አልኩ። አላሳዘነችኝም። የምወደው እኔ ነኝ፤ ከሷም የባሰ። እነ ዲልናዝ እንዳይስቁብኝ ብዬ ነው። እና አልዲያር እንደኔ እንዲሆን አልፈልግም።»

አልዲያር ባውርሳኩን ማኘኩን ቀጠለ። እናቷ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች፤ ኢንካርን ከሁሉ ይልቅ ያቃጠላት ያ ነው። አፓ ያቅፉኛል፣ ምንም አይደል የኔ ግልገል ይሉኛል ብላ በውስጧ ሳትመኝ አልቀረችም። አፓ አላቀፏትም።

«እንግዲያስ ልክ ነሽ» አሉ። «ዛሬ አትቆርጪም።» መቀሱንም ለሳውሌ ሰጡ።

ሳውሌ አንዴ ብቻ ቀጭ አደረገችው። እልልታ ሆነ፣ ከረሜላ እንደ በረዶ ወረደ፣ ልጆች መሬት ለመሬት ተንከባለሉ። አልዲያር በነጩ ጨርቅ ላይ ተንደረደረና ፊቱ የነበረውን የጎረቤት ልጅ ገፍትሮ አለፈ። «ይኸው፣ ገና ከአሁኑ ሳውሌን መሰለ!» ብሎ አንድ ሰው ሲናገር ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ አፓ ሳይቀሩ ሳቁ። ኢንካር ከግድግዳው ተለጥፋ ቆማ ነበር። እግሯ ሥር የወደቀውን ከረሜላ አላነሳችም።

ዲልናዝ በአጠገቧ ስታልፍ ጠጋ አለች። «ሼም አይይዝሽም? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት!»

«ይዞኛል» አለች ኢንካር።

ዲልናዝ ሌላ መልስ ጠብቃ ነበር መሰል፣ ፊቷን አዙራ ወደ ምግቡ ሄደች። ሰኞ በዚያ ጠረጴዛ ቦታ እንደሌላት ኢንካር ገባት። ማዘኗን ስትፈልግ ያን ያህል አላገኘችውም። ፔሪዛትን ፈለገቻት። ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብላ ከጫማው ክምር ውስጥ ጫማዋን ትመርጣለች። ወደ ኢንካር አልተመለከተችም።

«ሙዚቃ የሚከፍት ጠፋ?» ብላ ሳውሌ ጮኸች፤ መቀስ ከያዘች ወዲህ ትእዛዟ ጨምሯል። «ሰው ይጨፍር እንጂ! ስልክ ያለው ማን ነው?»

ኢንካር ከግድግዳው ተላቀቀች። ትልቁ ማጉያ መስኮቱ ሥር፣ ቤቱ ሁሉ በሚያየው ቦታ ነው ያለው። ሄዳ ስልኳን አገናኘች። ጣቷ ሁሉም የሚያውቃቸው የሠርግ ዘፈኖች ላይ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ አለፋቸው።

ነፋሱ መንፈስ ጀመረ። ሴቶቹ እጃቸውን ለጭፈራ እንዳነሱ ቀሩ፤ እርስ በርስ ተያዩ። ከላይኛው ፎቅ የመጡት ሽማግሌ ጎረቤት ጆሯቸውን ወደ ማጉያው አዘነበሉ።

«ምነው ልጄ፣ ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም፣ አባባ» አለች ኢንካር። «የምወደው ሙዚቃ ነው። ትንሽ ይታገሡኝ።»

ከልጆቹ መካከል አንዱ ኪኪ ብሎ ሳቀ። ፊቷ በርበሬ መሰለ፤ እጇ ወደ ድምፁ መቀነሻ ሄደ። እዚያ ደርሶ ጨመረው።

ኮሪደሩ ላይ ፔሪዛት አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከትታ፣ ሌላውን ጫማ በእጇ እንደያዘች ቆማ ትሰማለች።